ድምፅ ማፈኛው፣ የ200 ዶላሩ ግብርና የአዳኙ ጆሮ

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ፣ በተለምዶ ሳይለንሰር ለምንለው ዕቃ፣ ያስከፍለው የነበረውን የ200 ዶላር ግብር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ አድርጎታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተነሳው ግብሩ እንጂ ምዝገባው አይደለም። ገዢው ዛሬም ፎርም ይሞላል፣ አሻራ ይሰጣል፣ ፎቶግራፍ ያያይዛል፣ ማንነቱ ተጣርቶ እስኪፈቀድለት ድረስም ዕቃውን አይረከብም። ለአንድ የሕግ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ግብር ለመሰብሰብ ተብሎ የተዘረጋ መዝገብ ግብሩ ከሞተ በኋላም በሕይወት ቀጥሏል።

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ዘመዴ አደን ይወዳል። ኮሎራዶ ሄዶ ኤልክ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ለማደን .300 ዊንቸስተር ማግነም ጠመንጃ አዘጋጅቷል። ግብሩ መነሳቱን እንደሰማ ደወለልኝና «ጋሼ፣ እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት፤ ቀላሉን ልግዛ ወይስ ጠንካራውን?» አለኝ። ጥያቄው ግማሹ የብረት፣ ግማሹ የሕግ ነበር። ኋላ እንደታዘብኩት ግን ኮንግረስ ውስጥ ከተሟገቱት ብዙዎቹ ይህን ዓይነቱን ጥያቄ አልጠየቁም። አንዱ ወገን ዕቃውን የነፍሰ ገዳይ መሣሪያ፣ ሌላው ደግሞ የጆሮ ጥጥ አድርጎ አቀረበው። አንድ አዳኝ ሲመርጥ የሚያመዛዝነውን ነገር የተመለከተ ሰው ሁለቱም እንዳልሆነ ይረዳል።

ትልቅ ካሊበር የአደን ጠመንጃ ሲተኮስ ከአፈሙዙ አጠገብ የሚሰማው ድምፅ ከ160 ዴሲቤል ይበልጣል። ለቅጽበታዊ ድምፅ የአደጋ ወሰን ተብሎ የሚጠቀሰው 140 ነው። ጥሩ ማፈኛ ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ይቀንሳል። ዴሲቤል እንደ ኪሎ የሚቆጠር ስላልሆነ 30 መቀነስ የድምፁን ኃይል ለሺህ እንደማካፈል ነው። እንዲያም ሆኖ የሚቀረው ፊልም ላይ የምናውቀው ሹክሹክታ አይደለም። ማፈኛው ከአፈሙዝ የሚፈነዳውን ጋዝ ያበርዳል እንጂ በሰከንድ 900 ሜትር ያህል የሚበረውን፣ ከድምፅ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ተኩል የሚበልጠውን ጥይት አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማውን ጩኸት አያስቀርም። አዳኙ ጆሮውን ያድናል፤ ጎረቤት ሸለቆ ያለው ሰው ግን ተኩሱን ይሰማል።

አሁን ወደ ዘመዴ ጥያቄ ልግባ። ማፈኛ የሚንጠለጠለው በርሜሉ ጫፍ ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ የተጨመረ ግማሽ ኪሎ ሰደፉ ላይ እንደተጨመረ ግማሽ ኪሎ አይቆጠርም። ተራራ ሲወጣ ያደክማል፣ ሲያነጣጥሩ ወደ ታች ይጎትታል፣ ርዝመቱም ቁጥቋጦ ውስጥ ይጠላለፋል። ለዚህ ነው ቲታኒየም የሚመረጠው፤ ክብደቱ የአረብ ብረት 60 በመቶ ገደማ ነው። ቲታኒየም በተከታታይ ተኩስ በጣም ሲግል ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ሆኖም በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ጥይት ለሚተኩስ አዳኝ ይህ ችግር አይሆንም። ኢላማ ሜዳ ላይ ሳጥን ሙሉ ጥይት ለሚጨርስ ሰው ግን ይሆናል። ማፈኛውን ትንሽ በማድረግ የሚገኝ ቅለትም ዋጋ አለው፤ ጋዙ የሚያርፍበት ቦታ ሲጠብ የሚቀነሰው ዴሲቤልም ይቀንሳል።

ከክብደቱ በፊት ግን መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። .308 ዊንቸስተርና .300 ዊንቸስተር ማግነም የአረራቸው ውፍረት አንድ ነው፤ ባሩዳቸው ግን የመጀመሪያው ወደ 3 ግራም፣ የሁለተኛው 4.5 ግራምና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ «ቀዳዳው ይበቃል» ማለት «ግፊቱን ይችላል» ማለት አይደለም። አምራቹ ማፈኛውን ለማግነም የፈቀደው መሆኑንና በርሜሉ ቢያንስ ምን ያህል መርዘም እንዳለበት አንብቦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በርሜል ባጠረ ቁጥር ማፈኛው የሚቀበለው ግፊት ይጨምራልና። የበርሜሉ ጥርስ ከቀዳዳው ጋር በትክክል ካልተመሳሰለ ደግሞ ጥይቱ የማፈኛውን የውስጥ ግድግዳ ሊመታ ይችላል፤ ይህን የሚያየው የጠመንጃ ባለሙያ ነው። ከተገጠመ በኋላ የጥይቱ ማረፊያ ስለሚዛነፍ መነጽሩ እንደገና መስተካከል አለበት።

እዚህ ላይ ሕጉን የሚያሳፍር ነገር አለ። የሰደፉን ምት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ሙዝል ብሬክ የሚባለውን የአፈሙዝ ፍሬን ያለ ፌዴራል ምዝገባ ይገዛል። ይህ ዕቃ ጋዙን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ስለሚመልስ ተኳሹና አጠገቡ ያለው መሪ የሚሰሙት ድምፅ የባሰ ይሆናል። ምቱንም ድምፁንም የሚቀንሰው ግን ይመዘገባል። ጆሮን የሚጎዳው ነፃ፣ የሚጠብቀው በፈቃድ!

ነገሩ የተጀመረው በ1934 በወጣው ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ ነው። ማፈኛውን ለገበያ ያበቃውና በ1909 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሂራም ፐርሲ ማክሲም፣ የመትረየሱ ማክሲም ልጅ ነበር። በ1934ቱ ክርክር ስለ መትረየስና ስለ ሽጉጥ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ድምፅ ማፈኛ ግን ይህ ነው የሚባል ማብራሪያ አልተሰጠም። የተጣለው 200 ዶላር ዛሬ ከ4,000 ዶላር በላይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1937 በሶንዚንስኪ ጉዳይ ሕጉን ያጸናው በግብር ሥልጣን ነው፤ ዓላማው ቁጥጥር ቢመስልም የተወሰነ ገቢ ያስገባልና ግብር ነው በሚል።

በ2025 የምክር ቤቱ ሪፐብሊካኖች ማፈኛን ከ1934ቱ ሕግ ጨርሰው ለማውጣት በበጀት ረቂቅ ውስጥ ሸጎጡት። የሴኔቱ የሥነ ሥርዓት ደንብ አማካሪ ኤልዛቤት ማክዶኖህ ይህ የበጀት ጉዳይ አይደለም በማለታቸው ዜሮ የገባው ግብር ብቻ ቀረ። ሕጉ በጁላይ 4 ቀን 2025 እንደተፈረመም የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበራት «ገቢ የማያስገባ ግብር እንዴት የግብር ሥልጣን መሠረት ይሆናል?» ብለው ቴክሳስ ውስጥ ክስ መሠረቱ።

በእኔ እምነት ጥያቄያቸው ተራ ብልጠት አይደለም። በሌላ በኩል አምራቾችና ነጋዴዎች ዓመታዊ ግብር መክፈላቸውን ስላልተዉ መንግሥት ጨርሶ ባዶ እጁን አልቀረም። የተቃዋሚዎችም ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ በ2019 ቨርጂኒያ ቢች ላይ 12 ሰዎች የገደለው ታጣቂ ሽጉጡ ላይ ማፈኛ ነበረው። ስለዚህ አዳኙ ማፈኛ ይኑረው፣ መዝገቡም ይኑር እላለሁ፤ ግን መዝገቡ በግልጽ የቁጥጥር ሕግ ይቁም። ጀርመን በ2020 ያደረገችው ከዚህ ይቀርባል፤ የአደን ፈቃድ ያለው ሰው ለአደን ጠመንጃው ማፈኛ እንዲገዛ ፈቀደች፣ ዕቃው ግን ይመዘገባል።

ለዘመዴ የሰጠሁት ምክር አጭር ነበር፤ ለማግነም የተፈቀደ ቲታኒየም። አንድ ነገር ግን ጨመርኩለት። ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክና ኢሊኖይን ጨምሮ ስምንት ግዛቶች ማፈኛን ይከለክላሉ፤ ዋሽንግተን ዲሲም እንዲሁ። ቨርጂኒያ በሕግ የገዛውን ዕቃ መኪናው ውስጥ ረስቶ ሠርግ ሊበላ የፖቶማክን ድልድይ ቢሻገር፣ የፌዴራል ግብሩ ዜሮ መሆኑ ከክስ አያድነውም።

የቴክሳሱ ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከደረሰ ዳኞቹ መጀመሪያ የሚያነቡት የ1937ቱን ውሳኔ፣ በተለይም ስለ ገቢው የተባለውን ቦታ ይሆናል።