ከመርፌው በፊት ምርመራ፦ ስለ ውሾች ማሳከክ የቀረበ አስተያየት

በእንስሳት ክሊኒክ የተግባር ልምምድ ሳደርግ ደጋግመው ካጋጠሙኝ ሕሙማን አንዱ ያለ ዕረፍት ሰውነቱን የሚያክ ውሻ ነው። አንዳንዱ ባለቤት ወደ ሐኪም የሚመጣው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብቶ ለውጥ ሲያጣ ነው። ዘይቱ ቆዳን ይጎዳል፤ ውሻው ሲልሰውም ይመርዘዋል። ይሁን እንጂ ስሕተቱ የባለቤቶች ብቻ አይደለም። እኛ ባለሙያዎችም «አለርጂ ነው» ብለን ዴክሳሜታዞን ወግተን የምንሸኝበት ጊዜ አለ።

ማሳከክ ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። መንስኤው የቁንጫ ንክሻ፣ የእከክ ተውሳክ፣ የባክቴሪያ ወይም የፈንገስ ኢንፌክሽን፣ ምግብ ወይም በአካባቢ ያለ ብናኝ ሊሆን ይችላል። ስቴሮይድ አብዛኛውን ማሳከክ ለጊዜው ያስታግሳል፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ዴሞዴክስ የተባለው ተውሳክ ያለበት ውሻ የመከላከል አቅሙ ሲዳከም ሕመሙ ይብስበታል። ሳርኮፕተስ ከሆነ ደግሞ ከውሻው ጋር ወደሚጫወቱ ልጆችም ይተላለፋል።

ስለዚህ ሕክምናው ቅደም ተከተል ሊኖረው ይገባል እላለሁ። በመጀመሪያ የሚታከከው ቦታ ይታይ። የቁንጫ አለርጂ በአብዛኛው ከወገብ እስከ ጅራት ሥር ያለውን ክፍል ያጠቃል፤ ሳርኮፕተስ የጆሮን ጠርዝና ክርንን፣ የአካባቢ አለርጂ ደግሞ መዳፍን፣ ፊትንና ብብትን ያዘወትራሉ። ቀጥሎ ከቆዳው በምላጭ የተፋቀ ናሙና በማይክሮስኮፕ ይመርመር። ሳርኮፕተስ ከናሙናው ሊያመልጥ ስለሚችል፣ ምልክቶቹ ካሉ ምንም ባይገኝም ማከም ተገቢ ነው። ምግብ ከተጠረጠረ ውሻው ቀድሞ ያልቀመሰውን ምግብ ብቻ ለ8 ሳምንት ያህል ይመገብ። የአካባቢ አለርጂ ነው የሚባለው እነዚህ ሁሉ ከተጣሩ በኋላ ነው።

«ባለቤቱ ዛሬውኑ እፎይታ ይሻል፤ ለተደጋጋሚ ምርመራም አቅም የለውም» የሚል ክርክር ይነሣል። እውነትነት አለው። ሆኖም አንድ ምላጭና አንድ ስላይድ በየወሩ ከሚደጋገም መርፌ ያነሰ ወጪ ይጠይቃሉ። ስቴሮይድ ፈጽሞ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ምርመራን ተክቶ አይግባ ነው የምለው። ሦስት ጊዜ ከፍሎ ለውጥ ያላየ ባለቤት ተስፋ ቆርጦ ውሻውን ጎዳና ላይ ሊጥለው ይችላል። ያን ጊዜ ያልተመረመረው እከክም ከውሻው ጋር ከሰፈር ሰፈር ይዞራል።