አራሷ ሠዓሊ ፈቃድ ከማን ትጠይቅ?
የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ ፈቃድ ይሰጣል። መልካም ነው። በቤቷ ሥዕልና የእጅ ጥልፍ እየሠራች የምትሸጥ እናት ግን አሠሪዋም ሠራተኛዋም ራሷ ናትና ይህ ፈቃድ አይደርሳትም። ገና ወገቧ ሳይጠና በቴሌግራም «ትዕዛዜ የት ደረሰ?» ይሏታል፤ ሕፃኑ ጡት እንደያዘ እንቅልፍ ሲወስደው በአንድ እጇ መልስ ትጽፋለች። ከተኛላት ደግሞ ወይ ቀብድ የተቀበለችበትን የቀሚስ ጥልፍ ትጨርሳለች፣ ወይ ማንም ያላዘዛትን የራሷን ሸራ ትነካለች። ሁልጊዜ የሚሸነፈው ሸራው ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ገንፎውን በማገንፋት፣ አጥሚቱን በማፍላት፣ ጠያቂ በማስተናገድ አንታማም። ሥዕሉን ግን «ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ» እንላታለን። በምን ጊዜ? የዘይት ቀለምና አኳራጅ ሕፃን በተኛበት ክፍል አይከፈትም፤ ሌላ ክፍልና ልጁን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። ባልም እናትም ሕፃኑን ተቀብላችሁ «ሂጂ፣ ጋደም በይ» እንደምትሏት ሁሉ «ሂጂ፣ ሣዪ» በሏት። ደንበኛም ቀብዱን ከፍሎ ጥቂት ወራት ይታገሣት።