ፊሽካው በባጃጅ ሲሄድ ጨዋታውን ማን ይመራል?

ጭሮ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ካለ ሌላ ፕሮግራም የለም። ትልልቆቹ አሁንም «አሰበ ተፈሪ» ይሏታል፣ እኛ ጭሮ እንላታለን፣ ሜዳው ዳር ግን ሁላችንም እንገናኛለን። ባለፈው ክረምት እኔም እንደ ልማዴ ስልኬን ከፓወር ባንክ ጋር አያይዤ ውጤት በቴሌግራም እለጥፍ ነበር። የሰፈር ወጣቶች ውድድር ነው፤ ግማሽ ፍጻሜ። አንድ ለአንድ ናቸው።

በስልሳ ምናምነኛው ደቂቃ ዋናው ዳኛ ባታቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሃምሳ ዓመት የተጠጉ የስፖርት መምህር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። መጀመሪያ የሳቀም ሰው ነበር። ሊነሱ ሲሞክሩ ግን እግራቸው አልረግጥ አለ። ሁለት ልጆች ደግፈው አወጧቸው፣ ባጃጅ ተጠራ፣ ወደ ክሊኒክ ሄዱ። ባጃጁ አስፋልት ከወጣ በኋላ ነው አንዱ «ፊሽካውስ?» ያለው። ፊሽካው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ አብሯቸው ሄዷል። ካርዶቹም ኪሳቸው ውስጥ ናቸው። ማን ቢጫ እንዳየ የጻፉባት ወረቀትም እንደዚያው።

የመስመር ዳኞች ሁለት ነበሩ። ግን እያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ ያመጣቸው ልጆች ናቸው። አራተኛ ዳኛ የሚባል ነገር የለም። ሃያ ደቂቃ ክርክር ሆነ፤ በመጨረሻ አዘጋጆቹ ሳንቲም ጣሉና አንደኛው የመስመር ዳኛ ከሱቅ በተገዛ የፕላስቲክ ፊሽካ ወደ መሃል ገባ። የእሱን ባንዲራ ማን ይያዝ? «ይሄ ልጅ ተምሯል፣ ኢኮኖሚክስ ነው የጨረሰው፣ ገለልተኛ ነው» ተባለና ለእኔ ተሰጠኝ። ኢኮኖሚክስ ከኦፍሳይድ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እስካሁን አልገባኝም። ገለልተኛም አልነበርኩም፤ የአክስቴ ልጅ የአንደኛው ቡድን ተከላካይ ነው። መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ሰማንያኛው ደቂቃ አካባቢ የተቃራኒው ቡድን አጥቂ በረጅሙ የተላከለትን ኳስ ተቀብሎ አገባ። ባንዲራዬን አነሳሁ። ኦፍሳይድ ነበር፤ ያውም ከአንድ እርምጃ በላይ። ወዲያው ከተመልካቹ መሃል «የአክስቱ ልጅ እኮ ነው እዚያ ያለው!» የሚል ድምጽ መጣ። የቀረውን መገመት ትችላላችሁ። ድንጋይ አልተወረወረም፣ ተመስገን ነው። ጨዋታው ግን እዚያው ቆሞ ቀረ። ማታ አንድ ልጅ በስልኩ የቀረጸውን ቪዲዮ ለቀቀው። ቆም አድርጋችሁ ካያችሁት አጥቂው ከመጨረሻው ተከላካይ ማለፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሥሩ የተጻፈው አስተያየት ግን ስለ ኦፍሳይድ አልነበረም፤ ስለ አክስቴ ነበር።

ልክ ነበርኩ፣ ማንም አላመነኝም። አልፈርድባቸውም። እኔም እነሱን ብሆን አላምንም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ተተኪ ዳኛ የሚመረጠው ኳሱ ከመንከባለሉ በፊት መሆን አለበት። ጨዋታው ሳይጀመር ማን እንደሚጠቀም ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ሁለቱም አምበሎች የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ሕጉን የሚያውቅና ለማንም የማያደላ። አንድ ለአንድ ሆኖ ሠላሳ ደቂቃ ሲቀር ግን የሚጠራው ስም ሁሉ የአንደኛው ወገን ይሆናል። ያው ሰው ጠዋት ቢመረጥ ዳኛ ነው፣ አሥር ሰዓት ላይ ሲመረጥ «የእነሱ ሰው» ነው።

ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የእግር ኳስን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፉ ቦርድ፣ ኢፋብ፣ በሕግ ቁጥር 6 ላይ በግልጽ አስቀምጦታል፤ አንድ ዳኛ መጀመር ወይም መቀጠል ካልቻለ ማን እንደሚተካው የውድድሩ ደንብ አስቀድሞ መናገር አለበት። ዋናው ዳኛ ሲወጣ አራተኛው ዳኛ ነው የሚገባው ወይስ ከረዳቶቹ ቀዳሚው? ሕጉ አንዱን አልመረጠም፤ «ምረጡና ጻፉት» ነው ያለው። እኔ ባየኋቸው የሰፈር ውድድሮች ደንብ ላይ ስለ መመዝገቢያ ክፍያ ሁለት ገጽ አለ፣ ስለዚህ ግን አንድ መስመር የለም።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ከመጀመሪያው አላወቁበትም። እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1972 ለንደን ሃይበሪ ላይ አርሰናልና ሊቨርፑል ሲጫወቱ ዴኒስ ድሩዊት የተባለው የመስመር ዳኛ ተጎዳ። ተጠባባቂ የለም። በስታዲየሙ ድምጽ ማጉያ «የዳኝነት ፈቃድ ያለው ሰው ካለ ይምጣ» ተብሎ ተለፈፈ። የመጣው ማን መሰላችሁ? ሜዳው የተገኘው የቀድሞው ተጫዋችና አሰልጣኝ፣ የቴሌቪዥን ተንታኙ ጂሚ ሂል። የዳኝነት ፈቃድ ነበረው፤ ቱታ ለብሶ ባንዲራውን ያዘና ጨዋታው ቀጠለ። ታሪኩ እስከ ዛሬ እየተሳቀ ይወራል። የሚሳቅበት ግን ስለተሳካ ነው። ጂሚ ሂል የአክስቱ ልጅ አርሰናል ውስጥ ቢኖር ኖሮ እንደ እኔ ነበር የሚሆነው። አራተኛ ዳኛ በሕጉ ውስጥ በይፋ የገባው ከዚያ 19 ዓመት ቆይቶ፣ በ1991 ነው።

«እሺ፣ አራተኛ ዳኛ ካለ በቃ፣ ችግሩ አለቀ» የሚል ካለ ደግሞ ወደ ካሜሩን፣ ሊምቤ፣ ልውሰደው። ጥር 4 ቀን 2014 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ቱኒዚያና ማሊ ይጫወታሉ። ዳኛው ዛምቢያዊው ጃኒ ሲካዝዌ ነው፤ የዓለም ዋንጫ ያጫወተ፣ ትልቅ ዳኛ። መጀመሪያ በ85ኛው ደቂቃ የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ። ተነግሮት ጨዋታውን አስቀጠለ። ከዚያ ደግሞ 90 ደቂቃ ሳይሞላ፣ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ፣ ጨረሰው። ማሊ 1 ለ 0 እየመራች ነበር፤ ቱኒዚያዎች አበዱ። በኋላ እንደተነገረው ሰውዬው በሙቀቱ ታሞ ነበር፤ ወደ ሆስፒታልም ተወስዷል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ቡድኖቹ ተመልሰው እንዲጨርሱ ተጠሩ፣ አሁን በአራተኛው ዳኛ፣ በአንጎላዊው ኤልደር ማርቲንስ ደ ካርቫሊዮ መሪነት። ማሊዎች ወጡ። ቱኒዚያዎች አልወጡም፤ ተጫዋቾቻቸው በረዶ ውሃ ውስጥ ገብተው ነበር። ቱኒዚያ አቤት ብትልም ካፍ ውጤቱን አጸደቀ።

አያችሁ፣ ተተኪው እዚያው ነበር። ልብሱን ለብሶ፣ ሰዓቱን አስሮ፣ መስመሩ ዳር ቆሞ። የጠፋው ሰው ሳይሆን «አሁን ውጣ» የሚል ቃል ነው። የታመመ ዳኛ መታመሙን ራሱ ላያውቅ ይችላል፤ ሙቀት ደግሞ መጀመሪያ የሚወስደው ማመዛዘንን ነው። ከጭሮ ብርድ ወርዶ ሚኤሶ ላይ በስምንት ሰዓት ፀሐይ ያጫወተ ሰው ይሄን ይነግራችኋል። ስለዚህ ተተኪውን መሾም ብቻ አይበቃም፤ ዳኛውን የማስወጣት ሥልጣን ያለው ሰውም አብሮ መታወቅ አለበት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ኮሚሽነሩ ወይም ታዛቢው ነው። በውኃ እረፍት ላይ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ደቂቃው ስንት ነው? ውጤቱስ?» ማለት በቂ ነው። መልሱ ከተምታታ ይውጡ።

(በነገራችን ላይ፣ እዚያው ሊምቤ ከዓመት በፊት በቻን ውድድር የናሚቢያንና የታንዛኒያን ጨዋታ የመራችው የእኛዋ ሊዲያ ታፈሰ ናት፤ በዚያ የወንዶች ውድድር የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ዳኛ። ረዳቶቿም ሴቶች ነበሩ። «ተተኪ ከየት እናምጣ?» ስትሉ ሜዳ ዳር ያሉትን ሴት የስፖርት መምህራን ዘላችሁ እንዳታዩ ብዬ ነው።)

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልግባ። ከሳምንት በኋላ ጋሼን ልጠይቅ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ባታቸው የተያዘው ስልሳኛው ደቂቃ ላይ እንዳልነበረ ነገሩኝ፤ ከእረፍት በፊት ጀምሮ ያማቸው ነበር። «ታዲያ ለምን አልወጡም?» አልኳቸው። «ማን ይተካኛል ብዬ?» አሉ፤ ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ «አበሉም የሚከፈለው ለጨረሰ ነው» አሉኝ። እንግዲህ ይሄ ነው። ታሞ የወጣ ዳኛ ባዶ እጁን የሚሄድ ከሆነ በአንድ እግሩም ቢሆን ይሮጣል። ያኔ ከኳሱ አርባ ሜትር ርቆ ፔናሊቲ ይሰጣል ወይም ይከለክላል። ታሞ የወጣ ሰው ሙሉ አበሉን ያግኝ። ተተኪው ባይገባም ግማሹን፣ ከገባ ሙሉውን። ከግማሽ በታች ከሆነ ደግሞ የሚመጣው ሰው ፊሽካ ሳይሆን የሱፍ አበባ ይዞ ነው።

«ብሩ ከየት ይምጣ?» እንበል የዋናው ዳኛ አበል 300 ብር ነው፤ የተተኪው 150። አሥራ ስድስት ቡድን በጥሎ ማለፍ ቢጫወት ለዋንጫ የሚያስፈልገው 15 ጨዋታ ነው። 15 በ150፣ 2,250 ብር። ለአሥራ ስድስቱ ቡድኖች ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 141 ብር ገደማ። ቡድኑ አሥራ ስምንት ልጅ ካለው በነፍስ ወከፍ ስምንት ብር አይሞላም። ለውድድሩ በሙሉ ነው እንጂ ለአንድ ጨዋታ አይደለም። በዚህ ብር ሻይ እንኳ አትጠጡም። እኛ ግን እሷን ቆጥበን የሁለት ወር መዋጮ፣ ማልያውን፣ የሜዳውን ኖራ በአንድ ባት ላይ እናንጠለጥላለን።

«ይሄ እኮ የሰፈር ኳስ ነው፣ ፕሪሚየር ሊግ አታድርገው» ያሉኝ አሉ። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። ፕሪሚየር ሊጉ ላይ ጨዋታ ቢቋረጥ የሚወስን አካል አለ፣ ሌላ ቀን ይያዛል፣ ተጫዋቹም ደሞዝተኛ ስለሆነ የትም አይሄድም። የእኛዎቹ በክረምት ብቻ የሚገናኙ ልጆች ናቸው። ያቺ ግማሽ ፍጻሜ «በሚቀጥለው ሳምንት ትደገማለች» ተባለ፤ ዝናብ ሆነ። ከዚያ ትምህርት ተከፈተ፣ ግማሹ ወደ ግቢው ተመለሰ፣ ሁለቱ ሥራ ፍለጋ ድሬዳዋ ሄዱ። አልተደገመችም። ጎሉን የሻርኩበት አጥቂ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ አይቆምም እንጂ።

ለዘንድሮው ክረምት ሂርናም፣ በዴሳም፣ ገለምሶም፣ እዚሁ ጭሮም ውድድር ለማዘጋጀት የምታስቡ ልጆች ይሄን የምታነቡት በስልካችሁ ስለሆነ የምጠይቃችሁ በስልክ የሚሠራ ነገር ነው። ጨዋታው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው አንድ ወረቀት ላይ የዋናውን ዳኛ፣ የሁለቱን ረዳቶች፣ የተተኪውንና የማስወጣት ሥልጣን ያለውን ሰው ስም ጻፉ። ከተጫዋች ጋር ዝምድና ያለው ካለ ያኔ ይናገር፤ የሚቃወም አምበልም ያኔ ይቃወም። ሁለቱም ይፈርሙ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። ተተኪው የራሱ ፊሽካ፣ የራሱ ካርድ፣ የራሱ ማስታወሻ ይኑረው፤ ጎሉንና ቢጫውን ከዋናው ዳኛ እኩል ይመዝግብ።

ጋሼ ድነዋል፣ አሁን ያለ ከዘራ ይራመዳሉ። ፊሽካውን ለአዘጋጆቹ መልሰዋል። የቢጫ ካርዶቹ ወረቀት ግን ሱሪው ኪስ ውስጥ እንዳለች አብራ ታጥባለች።