ደቅ የሚሄድ ሰው ዘጌን ለሌላ ቀን ይተው

ሰላም በሆነበት ዓመት ከገና እስከ ጥምቀት ባሕር ዳር በእንግዳ ትጨናነቃለች። ከአዲስ አበባ የመጣውም፣ ለበዓል ከአሜሪካ የገባውም አብዛኛውን ጊዜ ለጣና የሚመድበው አንድ ቀን ነው። በዚያችው ቀን ክብራንን፣ እንጦስን፣ ዘጌን፣ ከተቻለም ደቅንና ዳጋን ለማዳረስ ከጀልባ ባለቤቱ ጋር ይደራደራል። በቅርቦቹ ላይ ክርክር የለኝም፤ ክብራንና እንጦስ ከከተማው ብዙ ስለማይርቁ በግማሽ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ደቅ ግን ያለው ከሐይቁ መካከል ነው። ወደዚያ የሚሻገር ሰው የዕለቱን ጉዞ ለደቅ ብቻ ይስጥ፣ ካልሆነለት ለሌላ ጊዜ ያቆየው እላለሁ። ይህን የሚያስገድደው ውሃው ራሱና የደሴቶቹ ገዳማት ሥርዓት ነው።

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል፤ ሞገዱም እየተደራረበ ስለሚመጣ ትንሽ ጀልባን ክፉኛ ያንገላታል። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል፤ የብሱ በፀሐይ ሲግል ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ጀልበኞች በማለዳ እንነሣ እያሉ የሚጨቀጭቁት ለዚህ ነው። በትንሽ ሞተር ጀልባ ከባሕር ዳር ደቅ ከሁለት ሰዓት በላይ ያስኬዳል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ የተነሣ መንገደኛ ሦስት ሰዓት ገደማ ደርሶ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ነፋሱ ሳይበረታ ፊቱን ወደ ከተማው ማዞር ይችላል። መጀመሪያ ዘጌ ልውረድ ያለ ግን መመለሻው የግድ ከነፋሱ ጋር ይገጥምበታል። ላይፍ ጃኬትም በጀልባው ውስጥ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ልክ መሆኑንና መቆለፊያው መሥራቱን ገና ሳይነሡ ለብሶ ማየት ነው።

እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት የደቋ ናርጋ ሥላሴ ደግሞ በችኮላ የምትታይ ቤተ ክርስቲያን አይደለችም። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ሲሆን፣ ብርሃን የሚያገኙትም ትልልቆቹ በሮች ሲከፈቱ ነው። አንዱ በር ሲከፈት አንዱ ወገን ይፈካል፣ የቀረው እንደጨለመ ይቆያል፤ ዓይን እስኪለምድ ራሱ ደቂቃዎች ይወስዳል። እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉበትን ሥዕል ወደ ግርጌው ያላየ ሰው ሳያስተውላቸው ያልፋል። መግቢያው ላይ ፒፓ የሚያጨስ ሰው ቅርጽ አለ፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ነው ይባላል። በጾም ቀን ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚገፋ፣ ዓርብ በስድስት ሰዓት የደረሰ እንግዳ ሥዕል ማየቱ ቀርቶበት በዝምታ ቆሞ መጠበቅ ይኖርበታል። ካህናቱን ማስቸኮል አይቻል፣ አይገባም።

ዳጋ እስጢፋኖስ ከደቅ አጠገብ ሳለ እንዴት ይታለፋል የሚል ይኖራል። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ያለበት ገዳም ነውና ማለፉ ያስቆጫል። ሆኖም ዳጋ ሴት አይገባበትም። ከቤተሰቡ ጋር የሄደ አባወራ ገዳሙን ሲሳለም ሚስቱና ሴት ልጆቹ ታች ሆነው ይጠብቁታል ማለት ነው። ሥርዓቱ የገዳሙ ነው፣ አልከራከረውም፤ የምለው ነገሩ ከቤት ሳይወጡ ይታወቅ፣ የጀልባው ላይ ኩርፊያም ይቅር ነው። ናርጋ ለሁሉም ክፍት ናት፤ ቤተሰብ ሳይነጣጠል የሚውለው እዚያ ነው።

ሌላው ቅሬታ የዋጋ ነው፤ ያን ያህል ነዳጅ ለአንድ ደሴት ብቻ? ኪራዩ በአብዛኛው የሚታሰበው በጀልባ ስለሆነ ሰው አሰባስቦ መጋራት ያቃልለዋል። ደግሞም የኪራዩ ገንዘብ የሚቀረው ባሕር ዳር ነው። ደሴቱ የሚያገኘው የመግቢያውን ክፍያ፣ ስጦታውንና እንግዳው እዚያው የገዛውን ነው፤ ለሃያ ደቂቃ ብቅ ብሎ የተመለሰ ሰው ደግሞ ምንም አይገዛም። ስለዚህ ዝርዝር ብር መያዝ ያስፈልጋል፤ ኤቲኤም ፍለጋ የሚኬድበት አገር አይደለም። ጫማ ስለሚወለቅ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ፣ ለሴት ነጠላ፣ ለሁሉም የሚበቃ ውሃ መያዝ ነው፤ ባዶውን ሃይላንድ ግን ይዞ መመለስ። ቢልሃርዝያ ስላለ ሐይቁ ዳር እግርን መንከር አይመከርም፣ ቢሞቅም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የጸጥታው ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መካከል ስለ ጉብኝት ማውራት ቅንጦት ይመስላል፤ የሚሉትም እውነት አላቸው። ግን አንድ ጉዞ አንድ ደሴት ማለት እዚህም ላይ ይጠቅማል፤ የሚጣራው አንድ መንገድ፣ የሚጠየቀውም የአንድ ቦታ ሰው ይሆናል። በዋዜማው ደቅ ያለ ሰው በስልክ ይጠየቅ፣ በማለዳው ደግሞ ጀልበኛው። እሱ ዛሬ አይሆንም ካለ፣ እሺ የሚል ሌላ ጀልበኛ ፍለጋ መዞር አያስፈልግም።