«ስልሳ ነበር የያዝኩት»

ባለፈው ዓመት ከአንድ ትራፊክ ፖሊስ ጋር አፍ ተካፍቻለሁ። ራዳሩን ወደ እኔ አዙሮ «ሰባ አንድ ነው የያዝከው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ጌጁን ሳይ ነው የመጣሁት፤ መርፌዋ ስልሳ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። «አለቃ፣ ማሽንዎ ተበላሽቷል» አልኩት። ይባስ ብዬ ጉቦ ፈልጎ ነው በሚል ቃና ሁለት ሦስት ነገር ጨመርኩበት። ሰውየው አልተቆጣም። ክሱን ጽፎ ሰጠኝና «ጌጅህን አሳይ» ብሎኝ ወደ ሌላው መኪና ሄደ።

ጌጄን ላሳይ? አዲስ የተሠራ ጌጅ!

በዚያው ሳምንት ጓደኛዬን ጎኔ አስቀምጬ በአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ወጣን። እሱ የስልኩን ጂፒኤስ ያነባል፣ እኔ ጌጁን እጮሃለሁ። «ስልሳ!» ስል «ሰባ አንድ» ይላል። «ሰማንያ!» ስል «ዘጠና አራት»። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። ራዳሩ ትክክል ነበር። ውሸታሟ የእኔ መርፌ ናት፤ ያንን ፖሊስ ዛሬም ባገኘው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

እናላችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዬ ዲኤክስ ናት፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1980ዎቹ መጀመሪያ ኮሮላ። እንደማንኛውም የዲኤክስ ፍቅር እንደያዘው የአዲስ አበባ ልጅ ሞዲፋይ አድርጌያታለሁ። ባለ አራቱ ካምቢዮ ወርዶ ባለ አምስት ገባላት። የ13ቱ ቸርኬ ወጥቶ ባለ 14 ታሰረላት። ስፒከሩንማ አልነግራችሁም። ይህ ሁሉ ሲሆን ከካምቢዮው ጭራ ላይ የምትቀመጥ የአውራ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ጊር መኖሯን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ያቺ ጊር ሥራዋ ቀላል ነው። ካምቢዮው ውስጥ በሚዞረው ዘንግ ላይ ጠመዝማዛ ጥርስ አለ፤ እሷ ጥርሷን እዚያ ላይ አስገብታ ትዞራለች፣ ቀጭኑን የኪሎ ሜትር ገመድ ታዞራለች፣ ገመዱ ጌጁ ውስጥ ያለውን ማግኔት ያዞራል፣ መርፌዋ ትነሳለች። የጃፓን ደረጃን በሚከተሉት መኪኖች ገመዱ በአንድ ኪሎ ሜትር 637 ጊዜ መዞር አለበት። ጌጁ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። ምን ጎማ እንዳሰራችሁ፣ ዲፍረንሻላችሁ ምን እንደሆነ አያውቅም። ይህንን የምታስታርቀው ያቺ ጊር ናት፤ የምታስታርቀውም በጥርሷ ቁጥር።

የእኔ ጉድ የጀመረው ከካምቢዮው ጋር የመጣችው ጊር ስትበላ ነው። ገመዱ ለአዲሱ ካምቢዮ አጥሮ ስለነበር ጎትተው አጣጥፈው ነው ያስገቡት። የታጠፈና የደረቀ ገመድ እምቢ ይላል፤ ሸክሙን የሚችለው ደግሞ ፕላስቲኩ ነው። መርፌዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፣ ቀጥላ መዝለል ጀመረች፣ አንድ ቀን ዜሮ ላይ ተኛች፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አብሯት ቆመ። (ሁለቱም አብረው ከሞቱ ጥፋቱ ገመዱ ወይም ጊሯ ላይ ነው። መርፌዋ ብቻ ሞታ ቆጣሪው ከሠራ ራሱ ጌጁ ነው። ይህን ሳታዩ ጌጅ የምታስፈቱ ሰዎች ገንዘባችሁን ለምን እንደምትጠሉት አይገባኝም።)

ከዚያ ወራት ሙሉ «በጆሮዬ» ነዳሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ግማሾቻችሁ አሁንም በጆሮ ነው የምትነዱት። ጆሯችሁ የለመደው የባለ አራቱን ካምቢዮ ጩኸት ነው። አምስተኛ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ዙሩን ቀንሶ ያዘግማል፤ መኪናው ግን አላዘገመም። ድሮ በሰባ የምትሰሙትን ድምፅ አሁን በሰማንያ ምናምን ትሰሙታላችሁ። ጭስ ማውጫውን ደግሞ አስቀይራችኋል። ታዲያ የትኛው ጆሮ ነው?

በመጨረሻ መካኒኬ ዘንድ ወሰድኳት። መካኒኬ ጎበዝ ነው፤ ሞተር ሲከፍት ብታዩት ትወዱታላችሁ። ግን የተበላችውን ጊር አወጣና ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሌላ አንስቶ ከተታት። «ጋሼ፣ ጥርሷ እኩል ነው?» አልኩት። «ሁሉም አንድ ነው፣ ገባች አይደል?» አለኝ። ገባች። መርፌዋ ተነሳች። አቤት ደስታዬ! በዚያው ሰሞን ለዓመታዊ ምርመራ ሄድኩ፤ መብራት አዩ፣ ፍሬን አዩ፣ ጌጁን ያየ ሰው ግን አልነበረም። ቦሎዬን ለጥፌ ወጣሁ።

የከተታት ጊር ጥርሷ 20 ነበር። በድሮው 13 ጎማዬ ቢሆን ለመኪናዬ የሚያስፈልጋት 18 ነው። የጥርስ ቁጥር ሲበዛ ጊሯ ቀስ ትላለች፤ እዚህ ላይ ብቻ አሥር በመቶ ሄደ። 155/80 የነበረው የ13 ጎማ ቁመቱ 578 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አሁን ያሰርኩት 185/70 ባለ 14 ደግሞ 615 ገደማ። ሌላ ስድስት በመቶ። አንድ ላይ ስታሰሉት 60 የሚለው ጌጅ 71 ይሆናል። ራዳሩ ያለው ቁጥር! ቆጣሪው ራሱ ከመቶ ኪሎ ሜትር 15ቱን ይውጣል፤ ዘይት የምቀይረውም በውሸት ነበር። ነገ መኪናዋን ብሸጣት ገዢዋንም ሳላውቅ አታልለው ነበር።

እንግዲህ ንዴቴ ይሄ ነው። ሞቶ የተኛ ጌጅ ቢያንስ አይዋሽም። ዜሮ ሲል «እኔን አትመኑ» ማለቱ ነው፤ ሰውም ይጠነቀቃል። የተሳሳተች ጊር የገባችበት ጌጅ ግን በልበ ሙሉነት ያስገድላል። «ስልሳ ነበር የያዝኩት» ብላችሁ በእግዚአብሔር ስም ትምላላችሁ፣ ማላችሁም አልዋሻችሁም፣ የተገጨው ግን በ71 ነው። በ71 የሚሄድ መኪና በ60 ከሚሄደው 40 በመቶ የሚበልጥ ጉልበት ይዞ ነው የሚመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት አንድ በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ ዕድል አራት በመቶ ገደማ ይጨምራል ይላል፤ የመኪና ፊት የመታው እግረኛ የመሞት ዕድሉም ከ50 ወደ 65 ሲኬድ አራት ተኩል እጥፍ ይሆናል። በዚህ ከተማ መኪና የሚገድለው በአብዛኛው እግረኛ ነው። ሰው የሚሄድበት መንገድ ላይ ነው የምንነዳው እኮ! የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 ጌጅ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ፈጽሞ እንዳያሳይ የሚከለክለው፣ በመጠኑ አብዝቶ ቢያሳይ ግን የሚታገሠው ለዚህ ነው።

«ስልክ አለ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። ስልክ ጌጁን ለመፈተን ጥሩ ነው፤ እኔም ፈትኜበታለሁ። በየቀኑ ግን ስልካችሁ በዚያን ሰዓት ምን ላይ እንዳለ እናንተም እኔም እናውቃለን።

«ቶርኖ ቤት ወስጄ ከነሐስ አስቀርጻታለሁ፣ ዕድሜ ልክ!» የሚል ደግሞ አለ። ለእኔም ቀርቦልኝ ነበር። ፕላስቲክ የሆነችው እኮ በርካሽነቷ ብቻ አይደለም፤ ገመዱ ሲጨነቅ እሷ እንድትበላ ነው። እሷ እንቢ ካለች ዘንጉ ላይ ያለው ጥርስ ይበላል፣ እሱን ለመቀየር ደግሞ ካምቢዮ ይወርዳል፣ ይፈታል። ርካሿን አድናችሁ ውዱን ትበላላችሁ።

እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። አሮጌዋን ጊር በሶፍት ጠቅልዬ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሁለት ሱቅ «ሁሉም አንድ ነው» አለኝ። ሦስተኛው ጋ ጣሳውን ራሴ ደፋሁና አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ምልክት እያደረግኩ ጥርስ ቆጠርኩ። ሠራተኞቹ «ጥርስ ሐኪም» ብለው ስም አወጡልኝ፤ ይሁን። አሥራ ሰባት አገኘሁ። ለምን 17? አሥራ ስምንቱ ለአሮጌው ጎማ ነው፤ ጎማው በስድስት በመቶ ሲያድግ አንድ ጥርስ ይቀነሳል። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ ብዙም አይበልጥም። ረዘም ያለ ገመድ ገዛሁ፣ ሳይታጠፍ በሰፊው አዞርኩት፣ ግሪስ የቀባሁት የታችኛውን ክፍል ብቻ ነው (ላይ ድረስ ከቀባችሁት ጌጁ ውስጥ ይገባል)፣ ዘይት የምትከለክለዋን የጎማ ቀለበትም ቀየርኩ። አሁን ጌጁ ስልሳ ሲል ስልኩም ስልሳ ይላል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ እነዚህ ዲኤክሶች የትም አይሄዱም፤ ከነካምቢዮ ቅያሪያቸው፣ ከነቸርኬያቸው ከእኛ ጋር ናቸው። መካኒኮች ካምቢዮ ስትቀይሩ ሒሳቡ ላይ የጊሯን ጨምሩበትና ጥርስ ቆጥራችሁ አስረክቡ። መርማሪዎችም ጌጅ እዩ፤ ከመሮጫው ላይ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ባለ 14 ቸርኬ አስረህ በ13 ጊር የምትዞረው ወንድሜ ደግሞ፣ ራስህን ታውቃለህ። ቅዳሜ ጠዋት ና። ክሪክ አለኝ፤ አንተ ጊርህን ብቻ ያዝ።