ጎንደር እና ላሊበላ፦ በአየር የቀረበ፣ በጉዞ የራቀ

ከጎንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የቀጥታ መስመር ርቀት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ለሚጓዝ ሰው ግን መንገዱ በወረታ፣ በደብረ ታቦር እና በጋሸና ስለሚዞር ርቀቱ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ተራራና ሸለቆ የሚያስዞረውን መንገድ አውሮፕላን በግማሽ ያሳጥረዋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የርቀት ማጠር ብቻውን ጊዜን አያሳጥርም። በአገር ውስጥ መስመሮች የሚያገለግለው ኪው 400 አውሮፕላን ከ70 በላይ መንገደኞችን ይዞ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል። በዚህ ፍጥነት ቢሰላ ጉዞው 18 ደቂቃ ያህል በሆነ ነበር። አውሮፕላኑ ወደ ላይ ሲወጣና ለማረፍ ሲወርድ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ግን በረራው ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሁለቱም ማረፊያዎች ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አየሩ ስስ በመሆኑ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያስፈልጋል፤ በሞቃት ሰዓትም የሚጫነው ክብደት ሊቀነስ ይችላል።

ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን ነው። ያን ጊዜ መንገደኛው ከጎንደር አዲስ አበባ ወደ 420 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ ደግሞ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ይበርራል። በድምሩ 750 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የቀጥታውን ርቀት ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የአዲስ አበባው ቆይታ እንዲሁም ከአዘዞ እና ከሹምሸሃ ወደየከተማው የሚደረገው የመኪና ጉዞ ሲታከልበት የግማሽ ሰዓቱ መንገድ የግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም የሙሉ ቀን ጉዞ ይሆናል።

ይህ ስሌት አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቀውን አርሶ አደርም ይመለከታል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978፣ የፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በላሊበላ የገና በዓል እና በጎንደር የጥምቀት በዓል መካከል ያለው ጊዜ ከሁለት ሳምንት ያነሰ በመሆኑ ሁለቱንም ማየት የሚሻ እንግዳ ብዙ ነው። እንግዳው አንድ ቀን በመንገድ ሲያጠፋ የሚቀረው የአንድ ሌሊት የአልጋ ኪራይ ብቻ አይደለም። ለሆቴሉ ዶሮ፣ እንቁላልና ጤፍ የሚያቀርበው ገበሬ፣ በቅሎ የሚያከራየው ወጣት፣ የላስታን ነጭ ማር ለገበያ የሚያወጣው ንብ አናቢም የዚያን ቀን ገቢ ያጣሉ።

ባለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግር የየብስ ጉዞን በተደጋጋሚ ባስተጓጎለበት አካባቢ የአየር መስመሩ ትርጉም ከፍ ያለ ነው። በእርግጥ እህልና ከብት በአውሮፕላን አይጓጓዝም፤ ለዚያ የጋሸና መንገድ ደኅንነትና ጥገና ምትክ የለውም። እንግዳን በተመለከተ ግን መፍትሔው የግድ አዲስ ማረፊያ መገንባት አይደለም። ማረፊያዎቹ አሉ፤ ርቀቱም አጭር ነው። ቢያንስ በበዓላት ወቅት ሁለቱን ከተሞች በቀጥታ የሚያገናኝ፣ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ በረራ ቢኖር አስጎብኚው መርሐ ግብሩን፣ ሆቴሉ ግዢውን፣ ገበሬውም ምርቱን በዚያው ልክ ማዘጋጀት ይችላሉ። የሁለቱ ከተሞች ቅርበት ጥቅም የሚሰጠው በካርታ ላይ ሲለካ ሳይሆን መንገደኛው ከደጅ እስከ ደጅ በሚያጠፋው ሰዓት ሲመዘን ነው።