መሰላሉን ከወጡበት በኋላ

ወገን፣ አንድ ነገር ልብ በል። ዛሬ «ታሪፍ ቀንሱ፣ ገበያችሁን ክፈቱ» ብለው የሚመክሩን አገሮች፣ እነሱ ሲያድጉ በራቸውን ዘግተው ነበር።

እንግሊዝን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1721 የህንድ ዓይነት የታተመ የጥጥ ጨርቅ ሕዝቧ እንዳይለብስ በሕግ ከለከለች። ለምን? የሱፍና የሐር ሸማኔዎቿ ገበያ አጣን ብለው ስለጮሁ ነዋ! የእህል ታሪፏን ለማንሳት የወሰነችው በ1846 ነው፤ ያኔ ፋብሪካዎቿን የሚወዳደር አልነበረም። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሊስት ከዚያ ቀደም ብሎ የእንግሊዝን አካሄድ አይቶ፣ ሰዎቹ የወጡበትን መሰላል ከላይ ሆነው እየገፈተሩት ነው ሲል በ1841 ጻፈ።

ደቡብ ኮሪያስ? ቃኘው ሻለቃ በ1951 ሲደርስላት አገሪቱ ፍርስራሽ ነበረች። በኋላ የራሷን መኪና መሥራት ስትጀምር የጃፓን መኪና እንዳይገባ አገደች፤ እገዳው የተነሳው በ1999 ነው። ሃዩንዳይ ያደገው በዚያ ጥላ ሥር ነው።

ግን እዚህ ጋ ቆም እንበል። በር መዝጋት ብቻውን አገር አያሳድግም። የኮሪያ መንግሥት ለፋብሪካዎቹ ከለላና ርካሽ ብድር ሲሰጥ፣ በምላሹ ውጭ አገር ሸጣችሁ አሳዩ ይል ነበር። ከለላው ፈተና ነበረው።

እኛ ጋ አንዳንዱ ባለሀብት ከለላ ሲል ምን ማለቱ ነው? ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ታሪፍ ይጨመርበት፣ የኔ ዋጋ ይወደድ፣ ጥራቱ ግን እዚያው ይቅር። ልዩነቱን የሚከፍለው ማነው? አንተ ነህ፣ እናትህ ናት፣ ደሞዝ የማይበቃው ጎረቤትህ ነው። ይሄ አገር መውደድ አይደለም፤ በባንዲራ ስም መነገድ ነው። ልጅ ይታዘላል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ግን አይታዘልም።

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው። ድርድሩ የኛም ጉዳይ ነው፤ ሥራ የምንፈልገው እኛ ነን፣ የሚገባውን ዕቃ የምንገዛውም እኛው ነን። ስለዚህ «ይከፈት» እና «ይዘጋ» እየተባባልን ከምንጯጯህ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦

የትኛው ኢንዱስትሪ ይጠበቅ?
እስከ መቼ?
ያልቻለውስ በምን መለኪያ ይነጠቅ?

የውጭ አማካሪም ይምጣ፣ የአገር ውስጥ ባለሀብት፣ እነዚህን ሳይመልስ «ለአገር ጥቅም» ካለህ አትመነው።

በአካባቢህ ጥበቃ ቢደረግለት እውነት ውጭ ሸጦ የሚያኮራን ሥራ የትኛው ነው? ኮሜንት ላይ ከነምክንያቱ ጻፈው፤ እንወያይ።